አልደረቀም ያልኳቸው ፎቶ

ይህ ነገር የገጠመኝ በደርግ ዘመን፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ቆቦ ከተማ ውስጥ ነው። ያኔ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ በጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ላይ በእጄ ቀለም እቀባ ነበር።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ የእናታችንን የድሮ ፎቶ በስልኩ አንስቶ፣ ዓይኔ እያየ ባለቀለም አደረገው። ቤተሰቡ ሁሉ «ነፍስ ዘራባት!» እያለ ሲያጨበጭብ እኔ ተቆጣሁ። «ቀሚሷን ሰማያዊ ያደረገው ማንን ጠይቆ ነው?» አልኩት። «ማንንም አይጠይቅም አክስቴ፣ ይገምታል» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ እውነቱን ነው። እኔ ግን ስለ አንድ ሸሚዝ ቀለም የጠየቅኋቸው አንዲት እናት ትዝ አሉኝና የዚያን ቀን ምሳው አልበላ አለኝ። ስለሳቸው ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ የሚከፋው ሰው ስለሌለ ልጻፈው።

የተወለድኩት ደሴ ነው። ቀለም መቀባቱን የተማርኩትም እዚያው፣ አጎቴ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ባሌ የጤና ረዳት ነበርና ቆቦ ሲመደብ አብሬው ወረድኩ። ለደሴ ብርድ ተወልዶ ለቆቦ ሙቀት የሚዳረግ ሰው ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍኩት ባሌን በመውቀስ ነበር።

ያወጣኝ ሥራዬ ነው። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሰው አስፋልቱ ዳር ፎቶ ቤት ነበራቸው። ቀለም መቀባት እንደምችል ሲሰሙ «ወላሂ፣ አላህ ነው ያመጣሽ» ብለው በማግሥቱ አስጀመሩኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ትንሽ ጠረጴዛ ሰጡኝ። ቀለሙ በትንንሽ ቱቦ ከአስመራ ይመጣል። የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ ከቀለሙ ቅንጣት ነካ አድርጌ፣ ፎቶው ላይ እያሸሁ አሳሳዋለሁ። ቀለሙ ዘይትነት ስላለው አንድ ሁለት ቀን ካልደረቀ አይነካም። የቸኮለ ደንበኛ ብዙ ጊዜ የገዛ አፍንጫውን በአውራ ጣቱ አጥፍቶ ተመልሷል።

ሰው ሲቀባ ምን ምን እንደሚያምረው አትጠይቁኝ። ጠይሙ «ቀይ አድርጊኝ» ይላል። ሙሽራዋ የሌላትን የጆሮ ወርቅ አድርጊልኝ ትላለች፤ አደርግላታለሁ። አንድ የቀበሌ ሹም ከኋላው ያለው መጋረጃ ቀይ እንዲሆንለት አዘዘኝና ቀዩ ቀለም አልቆብኝ በገዛ ከንፈር ቀለሜ ጨረስኩለት። ጓድ ሳያውቁት በከንፈር ቀለም ተከበው ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ።

አንድ ነገር ግን አልቀልድበትም ነበር። ሳልጠይቅ አልቀባም። ፎቶው ላይ ሁሉም ነገር ግራጫ ነው። ቀይም አረንጓዴም አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ባለቤቱን አስቀምጬ ቀሚሱ ምን ነበር፣ ነጠላው ጥለቱ ምን ነበር እላለሁ። ሴቶች እስከ ክሩ ድረስ ይነግሩኛል። ወንዶች «እኔ ምን አውቄ፣ ልብስ ነው» ይሉኛል።

በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ጋሽ አያሌው የሚባሉ ሰው መጡ። ወፍጮ ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር ዱቄት ነበረ። ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ ፎቶ አወጡ። ወጣት ልጅ ነው። ትከሻው ላይ የእጥፋት መስመር ያልፋል፤ ጠርዙም በላብ ወይም በውሃ በስብሷል።

«የእህቴ ልጅ ነው፤ ሲሳይ ይባላል» አሉኝ። «ለውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ጓደኛው ቆስሎ ሲመለስ በዚህ አለፈ። ፎቶዋን ከሲሳይ ኪስ ያወጣት እሱ ነው።»

ከዚያ ወዲያ መናገር አልቻሉም። ጋሽ ሰይድ ውሃ ሰጧቸው።

ሲረጋጉ የመጡበትን ነገሩን። እናቱ አልተረዱም። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ወንድ ልጃቸው ሲሳይ ብቻ ነው። ማሽላቸው ገና ሜዳ ላይ ነው። «አሁን ብትረዳ ያን እህል ማን ያነሣላታል? ወፍ ይበላዋል። አንድ ዓመት ሙሉ ምን ትቀምሳለች?» አሉ። ዘመድ ተመካክሮ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ዝም ለማለት ተስማምቷል። ከዚያ አንድ ጠዋት ተሰብስበው ያረዷቸዋል። ፎቶዋ እስከዚያ ትልቅ ሆና፣ ቀለም ገብቶባት እንድትደርስላቸው ነው የፈለጉት። ሬሳው በሌለበት ልቅሶ ፎቶው ነው እንደ ሬሳ የሚያዘው።

መርዶ መደበቅ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። በየቤቱ የታወቀ ነው። ማጉላቱን የምናሠራው ደሴ ስለነበር ፎቶዋን ለአንድ የአውቶቡስ ሾፌር ሰጥተን ላክናት። ጋሽ አያሌውን የሸሚዙን ቀለም ስጠይቃቸው እንደ ወንዱ ሁሉ «ሸሚዝ ነው» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት ረጅም ሴትዮ ገቡ። አሳሳቃቸው ሞቅ ያለ ነው። «ሰይድ፣ እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ?» ብለው ጋሽ ሰይድን ሲጨብጧቸው ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ረስተውት ቀሩ። ሴትዮዋ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ፎቶ አወጡና ለእኔ ዘረጉልኝ።

ያው ልጅ ነበር። ያው ሸሚዝ፣ ያው ፊት። ይኼኛው ግን እጥፋት የለበትም፤ እንደ አዲስ ነው።

«ቀለም የምታገቢው አንቺ ነሽ አሉኝ፤ እስቲ ነፍስ ዝሪበት የኔ ልጅ» አሉኝ እትዬ ዝናሽ። ስማቸውን በኋላ ነው ያወቅሁት። «ጎብዬ ከተማ አንዲት ልጅ አይቼለታለሁ። ሽማግሌ ስሰድ ‹ልጁ የታለ?› እንዳይሉኝ ፊቱን ይዤላቸው ልሂድ።»

ጋሽ ሰይድ ወዲያው «ጨለማ ክፍል ሥራ አለብኝ» ብለው ገቡ። የዚያን ቀን የሚታጠብ አንድም ፊልም አልነበራቸውም። እኔን ከናቱ ጋር ጥለውኝ ጠፉ። በልቤ ያላልኳቸው ነገር አልነበረም።

ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ የለመድኩትን አደረግሁ፤ ጠየቅሁ። የሸሚዙን ቀለም ጠየቅኋቸው።

«የማሽላ ቅጠል ነው» አሉኝ ወዲያው። «ዝናብ የጠጣው አይደለም፤ ጠውለግ ያለው። አንገትጌው ግን ተቀዶበት እኔ ነኝ ከአሮጌ ቀሚሴ ቆርጬ የለጠፍኩለት፤ እሱ ቡና ዓይነት ነው። ማተቡ ጥቁር ነው፤ ሰማያዊ እንዳታደርጊብኝ። ደግሞ አታቅይው። የአባቱን ጥይምና ነው የወሰደ። አቅልተሽ የሰው ልጅ እንዳታስመስይው።»

እየሳቁ ነው የሚነግሩኝ። እኔ ጥጤን ይዤ ከግንባሩ ጀመርኩ። እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ ከእኔ ፈቃድ አይጠብቅም። ጉንጩ ሞቅ አለ፣ ከንፈሩ ደም ያዘ፣ ዓይኑ ሥር ያለው ጥላ ቀለለ። እትዬ ዝናሽ ከዱካው ላይ ተነሥተው ከትከሻዬ በላይ ይመለከቱ ነበር። ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

«ይኼው መጣ» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ በላይ መሥራት አልቻልኩም። እንዲደርቅ ይቀመጥ፣ በሚቀጥለው ገበያ ይምጡ አልኳቸው። የዚያን ቀን እውነቴን ነበር።

እሳቸው እንደወጡ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጥኩ። ጋሽ አያሌው ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። ድንጋዩ እየጮኸ ስለሆነ ጆሮዬ ሥር ሆነው ነው የሚያወሩት።

«እንዳትሰጫት! ፎቶው እጇ ከገባ ጎብዬ ትወርዳለች። በሙት ልጅ ስም የሰው ልጅ ልናሳጭ ነው። በቁማችን እንዋረዳለን» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«አልደረቀም በያት። እህሉ እስኪገባ አልደረቀም በያት።»

በሚቀጥለው ገበያ እትዬ ዝናሽ መጡ። አንድ እስር ጢንቂሽ ይዘውልኝ ነበር፤ ከማሳቸው ዳር የቆረጡት ጣፋጭ የማሽላ አገዳ። ለደሴ ልጅ ጢንቂሽ ማኘክ ብርቅ እንደሆነ ገምተዋል መሰለኝ። ተቀብዬ አመሰገንኩና ዓይኔን ከዓይናቸው አሽሽቼ «አልደረቀም እትዬ» አልኳቸው።

«እስካሁን?»

«እርጥበት ስላለ ነው።»

«እርጥበት» አሉ። ዞር ብለው በበሩ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ከዞብል ተራራ በኩል የተነሣው ነፋስ አስፋልቱን አቧራ አልብሶታል፤ ግመሎቹ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሄዱት። በአገሩ ላይ አንዲት ጠብታ እርጥበት አልነበረችም። «እሺ የኔ ልጅ። የሚያስቸኩል የለም» ብለውኝ ወጡ።

ጢንቂሹን ቤቴ ወስጄ አስቀመጥኩት እንጂ አላኘክሁትም። 

ቀጥሎ በመጡ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ደንበኛ አልነበረም። ጋሽ ሰይድ ካሜራቸውን እየወለወሉ ነበር። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «አሁንም አልደረ...» ስል እትዬ ዝናሽ እጃቸውን አነሡብኝ፤ በቃ እንደማለት።

«ተቀመጪ እስቲ» አሉኝ። እሳቸውም ዱካ ስበው ተቀመጡ።

«ወንድሜን ጎብዬ ሽማግሌ ሂድልኝ አልኩት። ‹ቆይ፣ እህሉ ይግባ› አለኝ። አያሌው ማለት ሠርግ ከተባለ ወፍጮውን እየዞረ ጥሎት የሚሮጥ ሰው ነው። አበልጄን ‹ለሲሳይ ሚስት ልጠይቅለት ነው፣ አብረሽኝ ሂጂ› አልኳት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ‹ጉንፋን አሞኛል› አለችኝ። ወዳንቺ ስመጣ ደግሞ ፀሐዩ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት አገር አንዲት ወረቀት አልደርቅ አለች።»

የነጠላዬን ጫፍ መቋጠር ጀመርኩ።

«አልቋል፤ አይደለም?» አሉኝ።

 እንባዬ ቀድሞኝ ወረደ። እትዬ ዝናሽ የእኔን እንባ በመዳፋቸው ጠረጉልኝ። እናትየው እሳቸው፣ የሚያጽናኑት እኔን! እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

«አትመልሺልኝ። አርጂኝ አላልኩሽም። ማርዳት የዘመድ ነው» አሉኝ። ከዚያ ነገሩን እንደ ሰፊ ልብስ ዘርግተው አሳዩኝ። ከልጃቸው ወሬ ከጠፋ ቆይቷል። ዘመድ አዝማዱን ሲጠይቁ ሁሉም ደህና ነው ብለው ይምሉላቸዋል። መሐላው ሲበዛ ጠረጠሩ። «ሞቷል ወይ ብዬ ብጠይቅ ይዋሹኛል። ለዚያ ተዘጋጅተው ነው የሚጠብቁኝ። ልድረው ነው ስላቸው ግን ማን አብሮኝ ይስቃል? እሱን ልይ ብዬ ነው። አንድም አልሳቀልኝ» አሉ።

«ጎብዬ ያለችው ልጅስ?» አልኳቸው።

«ልጅቷማ እውነት ናት። ሳይሄድ ተነጋግረዋል። ሌላ ሰው ጠይቋት እሱን እጠብቃለሁ ብላ እምቢ ብላለች። ቁርጡን ለማወቅ የቸኮልኩት ለሷም ነው። የእኔስ ሆነ፤ እሷ እስከ መቼ መንገድ መንገድ ትይ? አሁን ለአባቷ ‹የእኔ ልጅ ዘገየ፣ ልጅህን ዳር› እለዋለሁ። ከዚያ በላይ አልለውም።»

ከዚያ ልምናቸው መጣ። ለጋሽ አያሌው እንዳልናገር ለመኑኝ። ወንድማቸው እንቅልፍ አጥቶ ከስቷል፤ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ማሽላውን የሚጠብቅላቸው እሱ ነው። እንዳወቁ ከሰማ ያ ሁሉ ልፋቱ ከንቱ ይሆንበታል። «በሥርዓቱ መጥቶ ይንገረኝ። እኔም በሥርዓቱ እሰማዋለሁ» አሉ።

«እስከዚያስ ድረስ?» አልኳቸው።

«እስከዚያማ ማልቀስ አልችልም። ጎረቤቴ ቅጥር ለቅጥር ነው፤ ይሰማል። ማሳው ላይም አጫጅ አለ።» ዓይናቸው መጋረጃው ላይ አረፈ። «እዚያ ጀርባ ትንሽ ልቀመጥ?»

ጋሽ ሰይድ ሁሉንም ሰምተዋል። ካሜራቸውን አስቀምጠው ተነሡ። እትዬ ዝናሽ ፊት ሲደርሱ አንገታቸውን ደፍተው «አብሽሩ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» አሉ። ከዚያ የበሩን ግማሽ መልሰው ደጃፉ ላይ ወንበር አወጡና ተቀመጡ። ሰው ሲመጣ «ዛሬ ካሜራው ተበላሽቷል» እያሉ ሲመልሱ ይሰማኛል።

እኔ መጋረጃውን ሳብኩ። እትዬ ዝናሽ ከጠረጴዛዬ አጠገብ፣ የልጃቸው ፎቶ ፊት ተቀመጡ። የነጠላቸውን ጠርዝ ጠቅልለው ጥርሳቸው መሐል አደረጉት። ከዚያ አለቀሱ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን የለም። እንደዚያ ያለ ልቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ጥጤን አንስቼ ሸሚዙን መቀባት ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን መጡ። ለአበልጃቸው «ፎቶው አልደረቀም ትለኛለች» ይሏታል አሉ። ጋሽ አያሌው ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «በርቺ ሙሉ፣ እንዲሁ ያዢልን» ይሉኛል። በሁለቱ መካከል ሆኜ ለሁለቱም አንዱኑ ውሸት እዋሻለሁ።

ሥራው አንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ነበር። እኔ ግን ሆነ ብዬ አቆየሁት። አንድ ቀን የሸሚዙን እጅጌ ብቻ፣ አንድ ቀን አንገትጌውን ብቻ እሠራለሁ። ቀለሙን በስሱ፣ በላይ በላዩ እደርባለሁ። እትዬ ዝናሽ ማልቀሳቸውን ሲጨርሱ ያርሙኛል። «እዚህ ጋ ትንሽ ይጥቆር፤ ፀሐይ የበላው ነው» ይላሉ። አንዳንዴም ያወራሉ። ይህን ፎቶ ሊነሣ የመጣ ቀን ጋሽ ሰይድ ሳቅ በል ቢሉት፣ ጥርሴን ማን አየው ብሎ እምቢ እንዳላቸው ነገሩኝ። ይህን ሲያወሩ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከደጅ ጋሽ ሰይድም ሳቁ። ከዚያ ሁላችንም ደንግጠን አፋችንን ያዝን።

ያን ልጅ በሕይወቱ አላየሁትም። ግን በዚያ ወር ውስጥ ከእህትና ከወንድሞቼ ፊት ይልቅ የሱን ፊት አወቅሁት። ግራ ጆሮው ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል። አገጩ ሥር በልጅነቱ ከግመል ወድቆ ያመጣት ጠባሳ አለች፤ ለሌላ ሰው የወረቀት እንከን ነው የምትመስለው። አጥፍቻት ቢሆን ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

ከደሴ ትልቁ ፎቶ መጣ። እሱንም ቀባሁት፤ አሁን የማልጠይቀው ነገር አልነበረም። ጋሽ አያሌው ሊያዩ ሲመጡ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ቀሩ።

«ይኼ እኮ ራሱ ነው። ሸሚዙንስ እንዴት አወቅሽው?» አሉኝ።

«ገመትኩ» አልኳቸው።

«ጎበዝ ነሽ» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያላስደሰተኝ ምስጋና የለም።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን እትዬ ዝናሽ መጡና አልተቀመጡም። መጋረጃው አጠገብ ቆመው «ማሽላው ገባ» አሉኝ። «ጎተራውንም መርጌዋለሁ። እንግዲህ ይንገሩኝ።»

ትንሹን ፎቶ አንስቼ ሰጠኋቸው። በጣታቸው ጠርዙን ነካ አደረጉትና ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። አገላብጠው ሳሙኝ። ጋሽ ሰይድንም ሊስሙ ሲሉ ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን አዙረው ኖሮ እጃቸውን ብቻ ጨብጠው ሄዱ።

ጋሽ አያሌው ቀኑን ነገሩኝ። ትልቁን ፎቶ የምይዘው እኔ እንድሆን ለመኑኝ። ገና ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን ሄድን። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀዋል።  ማሽላው ተነሥቶ መሬቱ የአገዳ ጉቶ ብቻ ሆኗል፤ ስንራመድበት ይንኮሻኮሻል። ፎቶውን በነጠላዬ ጠቅልዬ አቅፌዋለሁ። ልቤ የሚመታው ግን ከሌሎቹ በተለየ ምክንያት ነበር። የእትዬ ዝናሽ አፍ ቢስትስ? ዓይናቸው እኔ ላይ ቢያርፍስ? ያን ሁሉ ጊዜ የተሸከሙት ነገር በአንድ ቃል ሊፈስ ይችላል።

ደጃፋቸው ስንደርስ ጠሯቸው። እትዬ ዝናሽ ወጡ።

«ምነው በጠዋት? በደህና ነው?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ጋሽ አያሌው ተመለከቱ። መናገሩ የወንድም ነው። ጋሽ አያሌው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። አፋቸውን ከፈቱ። «እህቴ...» አሉ። ቃሉ አልወጣም። እንደገና ሞከሩ።  ያን ያህል ጊዜ ሲያጠኑት የከረሙት ነገር ጉሮሯቸው ላይ ቆመ። ሽማግሌው በጎን «በል እንጂ አያሌው» አሏቸው። አልቻሉም።

እትዬ ዝናሽ ወንድማቸውን ተመለከቱ። ፊታቸውን እኔ በቀጥታ አየው ነበር። በሥርዓቱ እሰማዋለሁ ያሉትን፣ ለዚህች ሰዓት የጠበቁትን ሁሉ ተዉት። ወንድማቸው ያን ቃል ከአፉ እንዳያወጣው ቀደሙት።

«ሲሳይዬ!» ብለው ጮኹና የጋሽ አያሌው አንገት ላይ ተጠመጠሙ።

ግቢው በአንድ ጊዜ ተናወጠ። ከጎኔ የነበረችው ሴት ደረቷን እየመታች «የእናት ሆድ! ሳይነግሯት አወቀችው!» አለች። እኔ ፎቶውን ገለጥኩት። ሰው እየተቀባበለ ሳመው፣ አለቀሰበት። እትዬ ዝናሽ ወንድማቸውን እንዳቀፉ ነበሩ። ሰው ሁሉ እሳቸውን የደገፉ ጋሽ አያሌው መስሎታል። እኔ በቆምኩበት በኩል ግን ጉልበቱ የከዳው ማን እንደነበረና ማን ማንን አቁሞ እንደያዘ በደንብ ይታይ ነበር።

ጋሽ አያሌው እስኪሞቱ ድረስ እህታቸውን በዚያ ጠዋት እንዳረዷቸው ያምኑ ነበር። እትዬ ዝናሽም ከሳቸው ቀጥለው ሞቱ። ጋሽ ሰይድና እኔ ስለዚያ ነገር ሁለተኛ አንሥተን አናውቅም። ልጅቷ ጎብዬ ተዳረች፤ ልጆች ወለደች ሲሉ ሰምቻለሁ።

በዚያ ሰሞን የዋሸሁት ውሸት ኃጢአት ይሁን ጽድቅ ዛሬም አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። በዚያ ጠዋት፣ ያ ሁሉ ሰው ደረቱን እየደቃ ሲያለቅስ፣ ያን ያህል ሳምንት ከመጋረጃዬ ጀርባ ነጠላቸውን ነክሰው ያለ ድምፅ ያለቀሱት እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እስኪሰለቻቸው፣ አገር እስኪሰማ ሲጮኹ ስሰማ፣ እኔ ውስጤን ደስ አለው። ከልቅሶው መሐል ቆሜ እፎይ አልኩ።